ቆላ የወረዱት ሠላሳ ዓሣዎች

ክንዱ ከዳባት በላይ ባለች ብርዳም ቀበሌ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። በሰባ ሰባት መስከረም «እያንዳንዱ ማኅበር ዓሣ ያርባ» የሚል መመሪያ ሲወርድ፣ ማኅበርተኛው ሁለት ሳምንት ቆፍሮ ኩሬ አወጣ። ዓሣ በዓይኑ ያየ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ ካድሬው ጓድ አንዳርጋቸው፣ ክንዱ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ወርዶ የዓሣ እርባታውን እንዲያይና የዓሣ ጫጩት ይዞ እንዲመለስ አዘዘው።

እርባታው ከጅረት የተጠለፈ ውሃ የሚገባባቸው አምስት ኩሬዎች ነው። ባለሙያው አብዱልጀሊል የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ አባቱ ሱቅ ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁት ዓሣ ተምሮ መጣባቸው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ክንዱን ተቀበለው።

«ይችን ይዩልኝ» አለና በመረብ ቆሮሶ የሚሏትን ዓሣ አንዲት አወጣ። አፏን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲከፍተው፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ ጫጩቶች ባልዲው ውስጥ ተንጠባጥበው መዋኘት ጀመሩ።

ክንዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «ልጆቿን በልታ ነው?»

«አይደለም፣ አያ ክንዱ። እንቁላሉን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው ይገባሉ።»

«ታዲያ በምኗ ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት ያህል።»

ክንዱ በልቡ አሰላ። «ፍልሰታን ሙሉ ትጾማለች በለኛ።»

አብዱልጀሊል ትንሽ አሰበና «እንዲያው ነው» አለ።

ከዚያ ፍግ እንዴት ውሃውን አረንጓዴ እንደሚያደርገው፣ ዓሣውም ያን አረንጓዴ እንደሚበላ አሳየው። በመጨረሻ የክንዱን እጅ ውሃው ውስጥ ነከረው። ለብ ያለ ነበር።

«የእናንተስ እንዲህ ነው?»

«የኛማ በኅዳር ጠዋት በረዶ ይጋግራል።»

«እንግዲያው አትወልድም።»

«ኩሬውን ቆፍረነዋል እኮ፣ ልጄ።»

«ቆላ ዘመድ አለዎት?»

«እህቴ ወርቅውሃ አለች፣ ከአይከል በታች።»

«ዓሣውን ከጠየቁት እሷ ዘንድ መሄድ ይፈልጋል። መመሪያውን ከጠየቁት ግን እኔ አላውቅም» አለና አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ሠላሳ ጫጩት ቆጥሮ ሰጠው።

አዘዞ መንገዱ ከሚከፈልበት ላይ ክንዱ ብዙ ቆመ። አውቶቡስ መጣ፤ ረዳቱ «ዳባት! ደባርቅ!» እያለ ጮኸ። ክንዱ ጀሪካኑን አየ፣ ሰማዩንም አየ፤ አውቶቡሱን አሳለፈው። ወደ አይከል በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ ወጣ።

ዓሣው አየር እንዳያጣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ መልሶ ማፍሰስ ነበረበት።

«ምነው አያ፣ ቀድተው መልሰው የሚደፉት?» አለች ዶሮ የታቀፈች ተሳፋሪ።

«ትንፋሽ እየሰጠኋቸው ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። እጁ ሲዝል ዶሮዋን አስያዘችውና ጣሳውን ተቀበለችው።

ወርቅውሃ ከብቶቿን ከምታጠጣበት ኩሬ ዳር ወንድሟን ስታገኘው «ምን ይዘህ መጣህ?» አለች።

«እንግዳ። ደጋው የማይስማማው እንግዳ።»

«ሸጋ፤ ይግባ» አለች።

በሰኔ ጓድ አንዳርጋቸው ለቁጥጥር መጣ። የደጋው ኩሬ ባዶ ነበር።

«ጓድ ክንዱ፣ ዓሣዎቹስ?»

ለትንሽ ነገር ሰው የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። «ቆላ ወርደዋል» አለ ክንዱ። «እዚህ አይኖሩም ነበር። ውሃውም ሙቀቱም ያለበት ወሰድኳቸው። ወልደዋል።»

አንዳርጋቸው መዝገቡን ገለጠ። ያን ዓመት ሕዝቡ ከደጋ ወደ ቆላ እየተጫነ የሚወሰድበት ዓመት ነበር፤ እሱም የሚሞላው የሰፋሪ ኮታ ነበረበት። «ሰፈራ» አለና ከሰፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ «ሠላሳ» ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው የአውራጃ ስብሰባ፣ ከክንዱ ቀበሌ ሠላሳ በፈቃደኝነት ሰፍረው መዋለዳቸው ተነበበ። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ «ከሰፈሩት ውስጥ ጠፍቶ የተመለሰ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ክንዱ ተነሣ። «አንድም የተመለሰ የለም» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ።