የቸኮልና የአልጣሽ እርቅ

እኔ ፈንታዬ አራጌ ባሌን ጥዬ አባቴ ቤት የገባሁት በመጽሐፍ ምክንያት አይደለም። የመካነ ሰላም ሰው እስከ ዛሬ እንደዚያ ያወራል፤ ያውራ፣ አፉን አልሰፋበትም። የገባሁት በበቅሎ ምክንያት ነው። በቅሎዋም ብትሆን ምንም አላጠፋች፤ ያጠፋው የባሌ የአስፋው ምላስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔና አስፋው ገና ሳንጋባ፣ «ደጅ የሳቱ ሽማግሎች» የሚባል መጽሐፍ ከደሴ መጣ። ቸኮል የሚባል የአዲስ አበባ ሱቅ ሠራተኛ የወደዳትን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሎቹ ደጅ ይስቱና የጎረቤቷን ልጅ አልጣሽን ይጠይቁለታል፤ የአልጣሽ አባት ደግሞ ሳያቅማሙ እሺ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣጣ ምን ልበላችሁ። እሱ ለማምለጥ ሲሞክር፣ እሷም እሱን ለማባረር ተንኮል ስትሸርብ፣ አንዱ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሁለቱም እየወደቁ፣ እየተሳሳቁ ይዋደዳሉ። መጽሐፉ በሠርጋቸው ያልቃል።

አንባቢዎቹ እኔና አስፋው ነበርን። እሱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ የጨውና የጥጥ ነጋዴ ነው፤ እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የቸኮልን ቃል እሱ፣ የአልጣሽን እኔ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን እታገኘሁ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፤ ክርስቲያኑ ጠላውን፣ ሙስሊሙ ብርዙን ይዞ ግቢውን ይሞላዋል። ስንጨርስ «ድገሙት» ይሉናል። ለሦስተኛ ጊዜ ስንደግመው አስፋው ቃሉን በቃሉ ይዞት ኖሮ፣ ዐይኑን ከመጽሐፉ አንሥቶ እኔን እያየ ይናገር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። የሱ ሽማግሎች ደጅ አልሳቱም።

ተጋባን። ሰዉም «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» እያለ መረቀን። በዓመቱ ለዘመድ ሠርግ ወደ ከላላ ስንሄድ ቁልቁለት ላይ በቅሎዬ ተንሸራተተችና ጭቃ ውስጥ ወደቅሁ። ጥልፍ ቀሚሴ፣ ሹሩባዬ፣ አፌ ሳይቀር ጭቃ። አስፋው ሳቀ። መሳቁን ይሳቅ፣ ምንም አላልኩም። ነገር ግን ሠርጉ ቤት አወራው። ገበያ አወራው። ከኩታበር በመጡ ነጋዴዎች ፊት አወራው። ወሬው ባደረ ቁጥር እየጣፈጠ ሄደ፤ መጀመሪያ በጎኔ የወደቅሁት ሴትዮ በኋላ በአናቴ ተተከልኩ፣ በቅሎዋም ዞር ብላ አይታ «ወይ ጉድ» አለች። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር።

«ተው» አልኩት።

«ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

በጥምቀት ማግስት አባቴ ፊት አወራው። አባቴም ሳቁ። በነጋታው ልብሴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለት ጊዜ መለስኩት። አስፋውም ሲጠየቅ «ምን አደረግኋት?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። በመጨረሻ አባቴ «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልታረቃችሁ ንብረት ተካፍላችሁ ፍቺው ይጻፍ» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። እኔም «ይጻፋ» አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ፍቺውን አልፈልግም ነበር፤ እወደዋለኋ። ግን አገር የሚስቅባት ሴትዮ ሆኜ እዚያ ቤት መመለስንም አልፈልግም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሁዳዴ ሊፈታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ወጣ ተባለ። እታገኘሁ ደሴ በሚመላለስ ነጋዴ አስመጣችው። የከተማው ሰው በአንድ በኩል ደስ ብሎት በሌላ በኩል ተጨነቀ፤ ማን ያነበዋል? አንድ የትምህርት ቤት መምህር ልሞክር ብሎ የሁለቱንም ቃል ለብቻው አነበበ፤ አልጣሽ ወፍራም የወንድ ድምፅ ስታወጣ ሰዉ አልሆነለትም። ያን ጊዜ እታገኘሁ አባቴ ቤት መጣች።

«ኩርፊያሽን ማንም አይቀማሽም፣ እዚያው ያዥው» አለችኝ። «ድምፅሽን ብቻ አውሺኝ።»

ሄድኩ። ዋሽቼ ለእታገኘሁ ብዬ ነው አልልም፤ አልጣሽ ምን እንደሆነች ማወቅ ፈልጌ ነው። አስፋው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጀርባዬን ሰጠሁትና ተቀመጥኩ። መጽሐፉ አንድ ስለሆነ የኔ ተራ ሲያልቅ ሳልዞር በትከሻዬ ላይ አሳልፌ እሰጠዋለሁ፤ እሱም እንደዚያው ይመልስልኛል። ፊት ለፊታችን ሼህ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሼህ ይማም ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም እንኳ ያደረቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ እሁድ ቀርተው አያውቁም።

«በሉ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ» አሉን።

ጀመርን። ቸኮል ባለሱቅ ሆኗል። አልጣሽ ደግሞ ምን ነክቷት እንደሆነ አላውቅም፣ ሞኝ ሆናለች። በአንዱ ምዕራፍ ወጥ ታሳርራለች፣ በሚቀጥለው እንግዳ ላይ ውሃ ትደፋለች፣ ከዚያ ከደረጃ ትወድቃለች። ቸኮል በእያንዳንዱ ጊዜ እንግዶቹን በዐይኑ ጠቅሶ ይስቃል። ሰዉ ሊስቅ የመጣ ነውና መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሳሳ። እኩሌታው ላይ ስንደርስ የሚሰማው የእታገኘሁ ጋን ሲቀዳ ብቻ ነበር። አልጣሽ አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች። ደግ አደረገች አልኩ በሆዴ። መጨረሻ ላይ ሐረር ያለ አጎት ይሞትና ትልቅ ቤት ያወርሳቸዋል፤ ሁለቱም ዕቃቸውን ጭነው ገቡ፣ ድግስ ሆነ፣ አለቀ።



«አለቀ?» አለች እታገኘሁ።

«አለቀ» አልኩ።

«ገጽ ተገንጥሎ እንዳይሆን።» መጽሐፉን ወስዳ ልባዱን ገልብጣ አየች። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ፈተሸችው። የተገነጠለ ገጽ የለም።

ሼህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይኼ የጻፈው ሰውዬ በዕድሜው ሰው አስታርቆ አያውቅም» አሉ። «ባልና ሚስት ተኮራርፈው፣ እሷ በደሏን ሳትናገር፣ እሱ ቃሉን ሳይሰጥ፣ አጎት ሞተና ቤት ገቡ። ይኼ ውርስ እንጂ እርቅ አይደለም።»

«ሀቅ ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«የፊተኛውን መጽሐፍ ወደነዋል። ልጆቹ እንዲህ ተንጠልጥለው አይቀሩም። እንግዲህ እኛ እናስታርቃቸዋለን።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን በርጩማቸውን አንሥተው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ፤ ሽማግልና ሲይዙ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከዚያ የእውነት ነገር እንደሚያዩ ሁሉ «የቸኮል ዋስ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለች እታገኘሁ።

«ታውቂዋለሽ?»

«ከጨዋ ቤት ነው። ምላሱ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው።»

«ስለ አልጣሽ ማን ይናገር?»

ሁሉም እኔን አየኝ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የሚባለው ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ሽማግሌውን በጥርጣሬ አየኋቸው። እሳቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ተነሣሁ፤ አሁንም ጀርባዬ ለአስፋው ነው።

«በደሌን ልናገር» አልኩ። «በመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለታችንም እንሳሳት ነበር፣ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። በሁለተኛው የምወድቀው እኔ ብቻ፣ የሚስቀው እሱ ብቻ ሆነ። ተው ስለው ጨዋታ ነው አለኝ። ጨዋታማ ለሁለት ነው። ይኼ ሰው እኔን ሲያገባ አብራው የምትስቅ ፈልጎ ነው ወይስ የሚስቅባት?» ቶሎ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ቸኮል መልስ ይስጥ» አሉ ሼህ ይማም።

አስፋው ሲነሣ ሰማሁት። «የሳቅሁት ስለደነገጥኩ ነው» አለ። «በቅሎዋ ስትንሸራተት—»

«ቸኮል የምን በቅሎ አለው?» አለች እታገኘሁ። «ሱቁ አዲስ አበባ አይደለም እንዴ?»

ግቢው ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ሼህ ይማም ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። «አዲስ አበባም በቅሎ አለ። ይቀጥል።»

«በቅሎዋ ስትንሸራተት ነፍሴ ወጣች» አለ አስፋው። «የሞተች መሰለኝ። ዐይኗን ስትገልጥ ሳቅሁ፤ ባልስቅ ማልቀሴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባወራሁት ቁጥር፣ ሰው ሲስቅልኝ ያ ድንጋጤ የሚለቀኝ መሰለኝ። ተው አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ምን አደረግኋት እያልኩ ከረምኩ። ያደረግሁትን ዛሬ ሰማሁት። አጥፍቻለሁ።»

ሼህ ይማም ወደኔ ዞሩ። «አልጣሽ፣ ልጄ፣ መደንገጡን ታውቂ ነበር?»

አዎ፣ አውቅ ነበር። አስፋው የሚያወራው እስከ ውድቀቴና እስከ ሳቁ ነው። በመካከሉ ያለውን እኔ፣ እሱና በቅሎዋ ብቻ ነን የምናውቀው። ገበያው ሁሉ ሲስቅብኝ ያን ባወጣው ኖሮ በአንድ ቀን አፉን ይዘጋ ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። ነጋዴ ነው፣ ክብር አለው፣ ባሌ ነው ብዬ ይዤው ከረምኩ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞርኩና ፊቱን አየሁት። ከስቷል።

«ልናገር?» አልኩት።

ምን እንደምል ገባው። ጆሮው ቀላ። «ተናገሪ» አለ።

ተናገርኩ። ወድቄ ትንፋሼ ተቋርጦ ዐይኔን ጨፍኜ ሳለ አስፋው ከበቅሎው ዘሎ ወረደ፤ ወደኔ ሲሮጥ እሱም አንሸራተተውና በጀርባው እየተንሸራተተ አልፎኝ ቁልቁል ወረደ። በአራት እግሩ እየዳኸ ተመለሰ። ራሴን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እመቤቴ ማርያም፣ ካተረፍሽልኝ አንድ ሙክት» አለ። ዝም አልኩ። «ለሼህ ይማም የወዳጃ ዱዓ አንድ ፍየል» አለ፤ ሙስሊሞቹ ተሰብስበው ለሚያደርጉት ጸሎት ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ትንፋሼ ተመልሷል። አንድ ዐይኔን በጭላንጭል ከፍቼ መልሼ ጨፈንኩት፤ እስከየት እንደሚሄድ ልየው ብዬ ነው። «የትምባሆ ሱረቴንም እተዋለሁ» አለ። የሚሳለው ሲያልቅበት፣ ጭቃውን ከፊቴ እየጠረገ፣ ለራሱ በሚናገር ድምፅ «የአልጣሽን ማን ያነብልኛል?» አለ።

«ያን ጊዜ ነው ዐይኔን የገለጥኩት» አልኩ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እታገኘሁ ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀምጣ ሆዷን ያዘች። አስፋው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ገልጦት ሳየው ስቆ ስቆ ዐይኑ እንባ አዝሏል። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ውድቀት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያልሳቁት ሼህ ይማም ብቻ ናቸው። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ፍየሉ የታለ?» አሉ።

አስፋው ጋቢውን ያስተካክል ጀመር።

«ስለት ተስለህ ሚስትህ ተነሥታልህ ትስቃለህ? ሙክቱ ለፋሲካ ይታረድ። ፍየሉን ነገ አምጣ። ሱረቱን አሁን።» አስፋው የሱረት ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠ። «ሌላም አለ። ይኼን ወሬ ከዛሬ ጀምሮ ብቻህን አታወራውም። ሁለታችሁ ካልተቀመጣችሁ አይከፈትም። አብሽሪ ልጄ፣ ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል» አልኩ።

«አልጣሽን ማለቴ ነው።»

«ለሷም ይበቃታል።»

አመሻሹ ላይ አስፋው «በቅሎዋን ላምጣልሽ?» አለኝ። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት፤ በእግራችን ሄድን። አባቴ ፍቺ የሚጽፈውን ሰው በዚያው ሳምንት አሰናበቱት፤ ከሙክቱም እግሩ ደረሳቸው።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ማንም ድገሙልን አላለም። እታገኘሁ የጋን መክደኛ ልታደርገው ስትል ከእጇ ቀማኋት፤ መጽሐፍ ነው መቼም። እሁድ እሁድ ሰዉ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የፊተኛውን እናነባለን። ስንጨርስ «በሉ እስቲ ሁለተኛውን» ይሉናል፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እናውቃለን። አስፋው ከከላላው ቁልቁለት ይጀምራል። እንደ ልማዱ ይጨምርበታል፣ በአናቴም ይተክለኛል። ከዚያ ዝም ብሎ እኔን ያያል፤ ተራው የኔ ነው።