ቀይ የጥፍር ቀለም

ፎቶ አዳሿ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ዕቃዋን ሁሉ መጀመሪያ ራሷ ከፍታ ውስጡ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርግበታለች። ይህን ልማድ ያስያዛት አንድ የስልክ ጠጋኝ ነው። ደህናውን ባትሪዋን አውጥቶ ያበጠ አሮጌ ከተተላትና፣ ስትጠይቀው ያንቺው ነው ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተከራከራት። ማስረጃ ስላልነበራት እያረረች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው፣ የጭማቂ መፍጫው፣ የባሏ የእጅ ሰዓት ሳይቀር ሆዱ ውስጥ ቀይ ነጥብ አለው። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ታሪኩን ለሰው ሁሉ እያወራ ይስቅባታል፤ እኔም ሐኪም ቤት ስገባ ኩላሊቴን ቀብታ ነው የምትሸኘኝ ይላል። እሷ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

እንጀራዋ ያረጁ ፎቶዎችን ማደስ ነው። ሰው የተቀደደ፣ የሻገተ፣ ፊቱ የጠፋ የወላጆቹን ፎቶ ያመጣላታል፤ እሷም ሳሎኑ ጥግ ባስቀመጠችው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ዓይንና አፍንጫውን ትመልስለታለች። ይሄ ኮምፒውተር ነው እንግዲህ ሰሞኑን የከዳት። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሥራ በተጧጧፈ ሰዓት ድርግም ማለት አመጣ። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌን ጢም እንደ ምንም ጨርሳ ሳታስቀምጠው ጠፋባትና ሽማግሌው መልሶ ጢም አልባ ሆነ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

የባሏ ታናሽ ወንድም ያኔ እነሱ ጋ ነበር የሚኖረው። የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሥራ ቀይሮ ወደ ከተማው ሲመጣ ቤት እስኪያገኝ ተብሎ ጓዳውን ክፍል ሰጡት። ትሑት ሰው ነው፣ በልቶ ሳህኑን ያጥባል፣ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ አይሰማም። አለመሰማቱ ራሱ አይጥማትም ነበር። የኮምፒውተሩን ጩኸት ሰምቶ፣ አቧራ ነው ያፈነው፣ እሁድ እኔ አጸዳልሻለሁ፣ ጠጋኝ ቤት ምን አደከመሽ አላት። ስንት ልትል ነው ብትለው ሳቀ። ደህና የቀለም ብሩሽ ካለሽ ሌላው እኔ ጋ አለ አለ። ነገሩ አልተዋጠላትም። የሰው ኮምፒውተር በነፃ ልክፈት የሚል ሰው በደህናው አይሆንም ብላ በልቧ ያዘችው።

እሁድ ወንበሯን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ከአጠገቡ አልነቃነቅ አለች። ወንድምየው የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለና ማብሪያውን ትንሽ ተጭኖ ያዘው፤ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይውጣ ብዬ ነው አላት። ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ አየር አወጣው። ብሎኖቹን ፈትቶ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀመጠ። ክዳኑ ላይ ዓይኗን ጣለች። ጎኑ ሲከፈት አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ወጣ፤ የማራገቢያው ጥርሶች ጭራሽ አይታዩም። እንዳያስነጥሰው አፍንጫውን በጨርቅ አሰረና፣ የገላው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይመታው እጁን መጀመሪያ የሣጥኑን ብረት አስነካ። አዲሱን ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ጠረገ። በአፍህ እፍ ብትልበትስ ብትለው፣ ምራቅ ይገባል አለ። በምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ብትስበውስ አለችው፤ እሱም ኤሌክትሪክ ይዞ ስስ ዕቃውን ሊመታው ይችላል አለ። በኳስ መንፊያ እፍ እፍ ሲያደርግበት፣ ማራገቢያው በነፋሱ እንዳይሽከረከር በጥርስ መፈቅፈቂያ እንጨት ያዘው። ሁሉ ነገር ምክንያት ነበረው። ለሁሉ ነገር ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ያስፈራታል።

ሲገጥመው እንዲህ አለ፦ "እንዲህ ያለ ደህና ዕቃ ያለው ማሽን ዛሬ አይገኝም እትዬ። ያዥው።"

ምነው ባላለ። ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሲበራ ድምፁ ጠፋ፤ እጇን አፏ ላይ ጭና አዳመጠችው፣ እንደ አዲስ ሆኗል። ደስታዋ ግን ከሻይ ሰዓት አላለፈም፤ ወንድምየው ሌላ ነገር ጨመረ። ዋናውን ዕቃ የሚያቀዘቅዘው ቅባት ደርቋል፣ ለሚቀጥለው እሁድ ገዝቼ መጥቼ እንደገና ከፍቼ እቀባዋለሁ አላት። አመሰግናለሁ አለችው። ሆዷ ግን ሌላ ይል ነበር። ተሽሎታል፣ እየሠራ ነው፣ ታዲያ እንደገና መክፈት ለምን አስፈለገ? ዛሬ እኔ አጠገቡ ተቀምጬበት ስላልተመቸው ነው። ደህና ዕቃ እንዳለው አይቶ፣ ለክቶ፣ ሁለተኛው ላይ ሊቀይር ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ሥራ የሄዱ ቀን ጠብቃ ካቻቢቴውን አነሳች። እንዳየችው አድርጋ ገመዱን ነቀለች፣ ጎኑን ከፈተች፣ የጥፍር ቀለሟን አወጣች። ሚሞሪው ላይ ጠብ። ዲስኩ ላይ ጠብ። ካርዱ ላይ ጠብ። ማራገቢያው ጥቁር ስለሆነ ነጥቡ እንዲታይ ብላ ወፈር አድርጋ መሀሉ ላይ አሳረፈችበት። ከደነችው፣ ጥፍሯንም በዚያው ቀባች፣ ማንም ቢጠይቅ ምክንያት አላት። አሁን ይምጣ አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ተቀምጣ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። አበራችው፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ደግማ አበራችው፤ ከበፊቱም ቶሎ ጠፋ። ደሟ ፈላ። ለካስ እንዲህ ነው ነገሩ፤ አጸዳሁ ብሎ አሳምሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ እንዲበላሽ አድርጎ ነው የሄደው፤ እሁድ ድረስልኝ ብዬ ራሴ እንድለምነው።

ማታ ምግብ ቀርቦ ሁለቱ ወንድማማቾች እየቀለዱ ሳለ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

"ያጸዳኸው አንተ ነህ" አለችው። "እንደገና ልክፈተው ያልከውም አንተ ነህ። ታዲያ መሀል ላይ ማን አበላሸው?"

ወንድምየው እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ልየው ብሎ ሊነሳ ሲል፣ እጅህ እንዳይነካው አለችው። ባሏ ወንድሜ ነው እኮ አለ። ስለሆነ ነዋ በነፃ የሆነው አለች እሷ፤ ይህን ቃል በኋላ ለብዙ ጊዜ መልሳ ልትውጠው ፈልጋለች። ወንድምየው ጃኬቱን አንስቶ የሥራ ባልደረባዬ ጋ አድራለሁ ብሎ ወጣ። ባሏም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በማግስቱ ማስረጃዋን ልትይዝ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የጎደለውን አሳይታ ባሏን አፉን ልታስይዘው ነው። ሚሞሪው ላይ ቀዩ አለ። ዲስኩ ላይ አለ። ካርዱም ላይ አለ። ምንም አልተነካም። ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት፤ እውነቱ ይሄ ነው። ከዚያ ማራገቢያውን አየች። ወፈር አድርጋ ያሳረፈችው ቀለም ወርዶ፣ የሚዞረውና የማይዞረው በሚገናኙበት ስንጥቅ ገብቶ ደርቋል። በጣቷ ገፋ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም። ማራገቢያው የቆመው፣ ማሽኑም እየጋለ የሚጠፋው፣ በእሷ ቀለም ነው።

ክው ብላ ቆመች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ግን ይቅርታ አልነበረም። ያየ ሰው የለም። ፈቅፍቄ ላስለቅቀውና፣ በራሱ ጊዜ ተሻለው እላለሁ። የጥርስ መፈቅፈቂያ እንጨት አምጥታ ጎንበስ ባለችበት የውጭው በር ተንኳኳ። ሻንጣውን ሊወስድ የመጣ ወንድምየው ነበር። እንጨቱን በእጇ እንደያዘች ስትከፍትለት ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ ቶሎ ነው የምወጣው አላት።

ሻንጣውን ይዞ ወደ በሩ ሲመለስ መንገዱን ዘግታ ቆማ ነበር።

"ና፣ እየው" አለችው።

ሣጥኑ ላይ አጎነበሰ። ቀያዮቹን ነጥቦች አንድ በአንድ ተመለከታቸው። የባሏን ቀልድ እሱም ሰምቶታል፤ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

"ይሄ ለእኔ የተቀባ ነው?" አለ።

"ላንተ ነው። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።"

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶን ላምጣ ብትለው ፕላስቲኩን ይበላዋል አለና እንጨቱን ከእጇ ተቀበለ። ደረቁን ቀለም ሳይቸኩል ፈቅፍቆ አወጣው፤ ማራገቢያውን በጣቱ ሲነካው ዞረ። ሲያበሩት ኮምፒውተሩ ሳይጮኽ፣ ሳይጠፋ ቆየ። እባክህ ሻንጣህን መልስ፣ ወንድምህ ማታ ሲመጣ በዚህ ዓይኔ እንዴት አየዋለሁ አለችው። ክፍል አግኝቻለሁ አላት። እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላወቀችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታጣራ ተወችው።

ማታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። አልሳቀም። ይሄንን እንግዲህ ለማንም አላወራም አላት።

እሁድ፣ አይመጣም ስትል፣ ወንድምየው ቅባቱን ገዝቶ መጣ። ብቻውን እንዲሠራ ብላ፣ እንደምታምነው እንዲያውቅላት ብላ፣ ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ገባች። የካቻቢቴውን ድምፅ ብትጠብቅ አልሰማችም። ብቅ ስትል ኮምፒውተሩን በረንዳ አውጥቶ ቆሟል፤ ወንበሯንም ያን ጊዜ በነበረበት ቦታ አስቀምጦታል፤ መቀመጫውን በእጁ እየጠረገ ነበር።

"ቁጭ በይ እትዬ" አላት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ካልተቀመጥሽ አልከፍተውም።"

ተቀመጠች። እሱም እያንዳንዱን ብሎን በፈታ ቁጥር ከፍ አድርጎ ያሳያትና፣ ማየቷን እስክትነግረው ጠብቆ ክዳኑ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር።