ባዕድ የተባለው አፅም

ሐኪሟ የተማረችው ባሕር ማዶ ነው። ስትመለስ ከልብሷ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ሸክፋ መጣች፤ የጥርስን ቅርጽ አይቶ የሟችን የዘር ሐረግ የሚገምት። ምድር ቤት ባለው የምርመራ ክፍል ከአፅም ጋር ብቻዋን ስትውል የምታማክረው እሱን ነበር። ሰው ሲጠፋ ወረቀትም ወዳጅ ይሆናል።

ከወንዝ ዳር የተገኘው ሰው የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ከጀርባቸው እንደ አካፋ የጎደጎዱ ነበሩ። ሠንጠረዡ "የሩቅ ምድር ሰው" አለ፤ እሷም እንዳለ ቅጹ ላይ ገልብጣ ፈረመች። ፖሊስም ያገር ሰው አይደለም ብሎ የጠፉትን ስም ዝርዝር ሳያገላብጥ መዝገቡን ዘጋ። አፅሙ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ከሌላቸው ጋር ሊቀበር ሳጥን ገባ።

በዚያው በቀብሩ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት አሮጊት መጡ። ታናሽ ወንድማቸው ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው።

"እትዬ፣ ያለው አንድ ነው፤ እሱም ባዕድ ነው" አለች ሐኪሟ።

"ጥርሱን ብቻ አሳዪኝ ልጄ። የእኛ ቤት ጥርስ ከኋላው ጎድጓዳ ነው። የበላነው እየተሸጎጠበት በምላሳችን ስንጎረጉር፣ ጎረቤቱ ሁሉ 'ጎርጓሪዎቹ' እያለ ሲስቅብን ነው ያደግነው።"

ሐኪሟ ወንበር ሳበችላቸው። "እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ።"

ትንሿን የጥርስ መስታወት አስገብታ አየች። ያው ጉድጓድ፣ ያው ከግራና ከቀኝ ከፍ ያለ ጠርዝ።

ሳጥኑን ሊያወጡ የመጡት የሬሳ ክፍሉ ሽማግሌ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። "ዶክተር፣ ያ ሠንጠረዥሽ የእኛን ሰው አፍ አስከፍቶ አይቶ ያውቃል?"

አያውቅም። የሌላ አገር ሰው ጥርስ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ይህን እሷም ታውቅ ነበር፤ ጥርጣሬዋን የምታዋየው ሰው ስላልነበራት ዋጥ አድርጋው ኖረች እንጂ።

"ጋሼ፣ ሳጥኑን ይመልሱት። ስህተቱ የኔ ነው።" ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "እትዬ፣ ወንድምዎ ነው አላልኩም። ምራቅዎን ወስደን ከአጥንቱ ጋር እናስተያያለን። ሳምንታት ይፈጃል።"

"ዓመት የጠበቀ ሳምንት አያቅተውም።" አሮጊቷ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አሉ። "አንተ ከሆንክ ወዮልህ! እንዲህ ታንከራትተኝ? ካልሆንክም አይዞህ፣ አንዷ እህት ትፈልግህ ይሆናል።"

ሐኪሟ አዲስ ቅጽ አውጥታ የዘር ሐረግ በሚለው ፊት "አይታወቅም" ብላ ጻፈች። ስህተቷን ከታች መዘርዘር ስትጀምር እጇ ቆመ። ሴትዮዋ አሁንም ሳጥኑን ይቆጡታል። ሐኪሟ እሷ ራሷ ብትጠፋ የጥርሷን ጀርባ የሚያውቅ ማን እንዳለ አሰበች፤ አንድም ሰው በሐሳቧ አልመጣላትም።