የተኛ ሰው ይነቃል

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት የሟቹ እናት፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ታናሽ እህቱና ከጎረቤት የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። ልጁ ሚጣም ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። መስኮቱ ሥር ቆማ የዓይኖቿን ቆብ በጣቶቿ ወደ ላይ ስባ ይዛለች።

አያቷ የሳል ሽሮፕ በማንኪያ ቀድታ ተጠጋቻት።

«ነይ የኔ እናት፣ ይጣፍጣል። ትንሽ ያስተኛሻል።»

«አልተኛም!»

«አያችሁልኝ?» አለች አያትየዋ ወደ ጎረቤቶቹ ዞራ። «ከቀብር ከተመለስን ጀምሮ እንዲህ ናት። ቁጭ ብላ ታነጋለች። ሸለብ ሲያደርጋት ራሷን ትቆነጥጣለች።»

«ወስፋት ይሆናል» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

የሟቹ እህት የሻይ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የሕፃናት ክፍል አጫዋች ናት። መርፌ ወይም ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸውን ልጆች አስቀድማ በጨዋታ ታዘጋጃለች። በጣት ተከፍቶ የተያዘ ዓይን ከዚህ በፊትም አይታለች። እንዲህ ያለ ልጅ ባጋጠማት ቁጥር ከጀርባው አንድ የማይረባ ነገር የነገረው ትልቅ ሰው አይጠፋም።

«እማዬ፣ ለዚህች ልጅ ምንድን ነው ያልሻት?»

«ምን ልበላት ታዲያ? ሳጥኑን አይታ ጠየቀችኝ፤ አባትሽ ተኝቷል አልኳት። ምን ክፋት አለው?»

«አባቷ ስለ ተኛ በሳጥን አድርገው ከቀበሩት፣ እሷ ምን ቆርጧት ትተኛለች?»

ታላቅ ወንድሟ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጀመረች! ዶክተር አሻንጉሊት ጀመረች! አንዱን በአፍሽ ቀብረሻል፣ አይበቃሽም?»

ሁለቱ ጎረቤቶች ሻያቸውን እኩል አነሡ።

እህትየዋን ያናደዳት ስድቡ አይደለም። ያንን ቅጽል ስም ያወጣላት ሟቹ ነበር፤ በእሱ አፍ ስድብ ሆኖ አያውቅም።

ሟቹ ሶፋ ሠሪ ነበር። «እኔ ስሠራ ውዬ ወገቤን ይዤ እገባለሁ፤ እሷ ስትጫወት ውላ ደመወዟን ይዛ ትገባለች» እያለ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ መሳቂያ ያደርጋት ነበር። ሆስፒታሉ ለአሻንጉሊት የሚሆን ነገር የለኝም ሲላት ግን አሻንጉሊቶቹን ከሶፋ ጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋላት እሱ ነው። ፊት አልሠራላቸውም። ፊቱን ልጆቹ እንዲሥሉት ነው የፈለገችው፤ የፈራው የፈራ ፊት፣ የተናደደው የተናደደ ፊት ይሥላል። ከዚያ መጀመሪያ አሻንጉሊቱን ይወጉታል፣ ቀጥሎ ተራው የእነሱ ይሆናል። አሻንጉሊቶቹ ከራስ እስከ እግራቸው አበባ አበባ ነበሩ። «የደንበኛዬ ሶፋ እንዴት ሆነ? ትኩሳቱ በረደለት?» እያለ በየሳምንቱ ይጠይቃት ነበር።

በእሷ ክፍል «አያምም» ማለት ክልክል ነው። ያማል፣ ከዚያ ይለቃል ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ የዋሹት ልጅ ሁለተኛ እጁን እንደማይሰጥ ታውቃለች።

ሟቹ ሲታመም ግን ታላቅ ወንድማቸው ሐኪሙንም ቤተሰቡንም «ለእሱ ትንፍሽ እንዳትሉ» ብሎ አስጠነቀቀ። ጨጓራ ነው ተባለለት። ሰውነቱ አልቆ ሱሪው በገመድ እስኪታሰር ድረስ ጨጓራ ነው ተባለለት። አንድ ቀን ብቻዋን ሲያገኛት እጇን ያዘ።

«ለልጆችሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ ንገሪኝ።»

አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ዓይኗን ከዓይኑ እኩል አደረገች።

«አትድንም» አለችው።

«ያማል?»

«ያማል። ማስታገሻ ይሰጡሃል። እኔም አለሁ።»

እጇን ለቀቀና ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ሚጣን አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም። እንዳትዋሿት ግን።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ለራሱ ሲሆን ደፈረ፣ ለልጁ ሲሆን ፈራ። አደራውን እሷ ላይ ጥሎባት ሄደ። ታላቅየው ይህን ሲሰማ «ተስፋውን ነጠቅሽው፤ የገደልሽው አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ከሚጣ ጋር ለብቻዋ እንድትሆን አልፈቀደላትም። እሷም ለሐዘኑ ብላ ዝም አለች። አሁን ግን ዝምታዋ ራሱ አናደዳት።

ማንኪያውን ከእናቷ እጅ ወስዳ ሽሮፑን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ደፋችው።

«ይሄ ሳል ላለበት ሰው ነው።»

«ውጪ ከዚህ ቤት!» አለ ታላቅየው።

«እወጣለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አደራዬን ልወጣና እወጣለሁ።»

ሚጣ ፊት ተንበረከከች።

«ሚጣ፣ አባትሽ አልተኛም። ሞቷል።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

«የሞተ ሰው አይተነፍስም። አይርበውም፣ አያመውም። አይነቃም። የተኛ ሰው ግን ይተነፍሳል፤ ሲበቃው ይነቃል።»

ሚጣ ጣቶቿን ከዓይኗ አወረደች።

«ቢጠሩትም አይነቃም?»

«ቢጠሩትም።»

«እኔ ብጠራውም?»

«አንቺም ብትጠሪው አይነቃም።»

ልጅቷ በቡጢ መታቻት። ደረቷን፣ ትከሻዋን፣ ያገኘችውን ሁሉ እየጮኸች መታች። አክስቷ እጇን አልያዘችባትም።

«ይኸው! ያደረግሽውን አየሽ?» አለ ታላቅየው።

«አየሁ። ተዋት፣ ትምታኝ። የምመታው ባገኝ እኔም እመታ ነበር።»

ቡጢው እየላላ ሄደ። ሚጣ ንፍጧን በእጅጌዋ ጠርጋ አካባቢዋን ስትቃኝ ቆየችና ወደ አያቷ ሄደች። መዳፏን ዘርግታ የአያቷ አፍንጫ ሥር ያዘች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አያትየዋ፤ እጇን ልትገፋባት ስትል ሴት ልጇን ቀና ብላ አየቻት። አሮጊቷ ፊቷን እንዳኮሳተረች አየር በረጅሙ ሳበችና ሚጣ መዳፍ ላይ እፍ አለች። ልጅቷ እጇን አላወረደችም። አያቷ እንደገና እፍ አለችላት።

ሚጣ አያቷ ጭን ላይ ጥቅልል ብላ ተኛች።

ታላቅየው ጃኬቱን አንሥቶ በሩን በርግዶ ወጣ።

ሊመሽ ሲል ሚጣ ነቃች። ውሃ ጠየቀች፤ አክስቷ ቀድታ ሰጠቻት።