ከሙት ዓመቱ በኋላ ያላደገ ጸጉር

እታለማሁ ሰው ቶሎ የምታምን ሴት አይደለችም። ግምጃ ቤት በምትባለው የአዊ ከተማ ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አራት ዓመት በጽዳት ስትሠራ፣ ሳሙና የሚሰርቀውን፣ ግድግዳ ላይ የሚጽፈውን፣ ተደብቆ ሲጋራ የሚያጨሰውን በዐይኗ ብቻ መለየት ተክናበታለች። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ እሷ ጋ ነው። በዚያ ግቢ እሷ ያላወቀችው ነገር ከተደረገ እንደ ንቀት ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ እንቁን መጠርጠሯ አይገርምም፤ የሚገርመው ለመጠርጠር ያን ያህል መቆየቷ ነው።

እንቁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ ገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከላት ነው የምትማረው። ታላቅ ወንድሟ ሀብቱም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። አምና ጥር ላይ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ሞተ። እንቁ ከቀብሩ መልስ ጸጉሯን ተላጭታ፣ የሟቹን የደንብ ልብስ ሱሪና ሹራብ ለብሳ ክፍል ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱሪ ለብሳ የመጣች ሴት ተማሪ ከበር ትመለሳለች። እሷን ግን ማንም ቃል አልተናገራትም። ሐዘንተኛን ልብስሽ ምን ነው፣ ጸጉርሽ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ አገር የለም።

ሐዘን ግን ልክ አለው። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁር ልብስ ይወልቃል፣ ጸጉርም ይለቀቃል። የሀብቱ ሙት ዓመት በዚህ ዓመት ጥር ላይ ወጥቷል፤ እታለማሁ ራሷ ከመምህራኑ ጋር ሄዳ ንፍሮ ቆርጥማ ተመልሳለች። እናቲቱ የወርቅውሃ እንኳ፣ የበኩር ልጇን የቀበረችው ሴትዮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጥቁሯን አውልቃ ገበያ ወጥታ ታይታለች። የእንቁ ጸጉር ግን መጋቢት ሆነ አላደገም፤ ሚያዝያ ሆነ አላደገም። ይሄ ለእታለማሁ አልዋጥ አላት።

አንድ የገበያ ቀን ድንች ገዝታ ስትመለስ በወንዶች ጸጉር ቤት በር ላይ አለፈች። እንቁ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ጸጉር ቆራጩ ልጅ በማሽን ማጅራቷን ያስተካክልላታል። ሲጨርስ እንቁ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራ አየችና ፈገግ አለች። እታለማሁ ድንቿን እንደተሸከመች ቆማ ቀረች። ያዘነ ሰው ከጸጉር ቤት ሲነሣ በራሱ መልክ ደስ አይለውም። ይቺ ልጅ አንድ የደበቀችው ነገር አለ።

ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ለዘበኛው ለውዱ ነገረችው።

«ሙት ዓመቱ ከወጣ ሦስት ወር አልፎታል» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ታዲያ ይቺ ልጅ ጸጉሯን ለማን ብላ ነው የምትቆርጠው?»

«እውነትሽን ነው እኮ!» አለ ውዱ።

ውዱ በር ይዘጋል እንጂ አፉን አይዘጋም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያቺ አንድ ጥያቄ ወልዳ ተዋልዳ ግቢውን ሞላችው። አንዱ «ወንድ ነው፤ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ነው» አለ። ሌላው ብሶበት «የሞተችው እኅትየዋ ናት፣ አሁን ክፍል የሚገባው ሀብቱ ራሱ ነው» ብሎ አረፈው። ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ሰምተው ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ሴቶቹ ልጆች «ከእሷ ጋር መጸዳጃ ቤት አንገባም» ብለው ለወላጆቻቸው ተናገሩ። ወላጆች መጡ፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ፊልጶስ ቢሮ ውስጥ ጩኸት ሆነ።

አቶ ፊልጶስ እታለማሁን አስጠርቶ፣ «የሴቶቹ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው። መቼ እንደምትገባ፣ ምን እንደምታደርግ ተከታትለሽ ንገሪኝ» አላት።

ተከታተለች። አንድ ሳምንት ሙሉ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እንቁ ድርሽ አላለችም። የወንዶቹንም በዐይኗ ጠበቀች፤ እዚያም የለችም። ይሄ ደግሞ ጥርጣሬዋን አባሰው። ሰው እንዴት ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ እንኳ አይሄድም? ስምንተኛው ቀን ላይ፣ በረፍት ሰዓት፣ እንቁ በተቀደደው አጥር ሾልካ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ለከሰል የተተከለው፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ደን ውስጥ ስትገባ አየቻት። እታለማሁ ተከተለቻት። ማን ይሆን የሚጠብቃት? ምን ይሆን የቀበረችው?

ማንም አልነበረም። እንቁ ከዛፎቹ መሀል ብቻዋን እየወጣች በውሃ ፕላስቲክ እጇን ትታጠባለች። እታለማሁ ለመሸሽ ዘወር ስትል ደረቅ ጭራሮ ረገጠች።

«እትዬ እታለማሁ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለቻት እንቁ።

«ዶሮ፤ ዶሮዬ ጠፍታብኝ ነው።»

«እርስዎ ዶሮ የለዎትም።»

እንቁ ፕላስቲኩን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ያን ያህል የምትጠማ ልጅ ውሃውን ለመጠጥ እንደማትነካው እታለማሁ ያኔ ነው የገባት። የምትጠጣውን ሁሉ እዚህ ተደብቃ መሽናት ስላለባት አትጠጣም።

«ወሬው ከየት እንደተነሣ ጋሼ ውዱ ነግሮኛል» አለች እንቁ። «አልተቀየምኩዎትም። አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ፈተናዬን ተፈትኜ እሄድልዎታለሁ። እስከዚያ ብቻ ተዉኝ።»

እታለማሁ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያዘነችው ለልጅቱ ነው ብንል እውነቱ ግማሽ ይሆናል። ግማሹ ፍርሃት ነበር። እንቁ ታውቃለች፤ ውዱም አፉ አያርፍም፤ ነገ የወርቅውሃ ብትሰማስ? ሙት ዓመቱ ላይ በእጇ ያጎረሰቻት ሴትዮ ምን ትላለች? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዎች ጠጋ ብለው ሲያወሩ ባየች ቁጥር የእሷን ስም የሚያነሡ መሰላት። ሰው ስትጠረጥር የኖረች ሴት ሰው የሚጠረጥራት እየመሰላት ትደነብር ጀመር። ለአቶ ፊልጶስም «እስካሁን ምንም አላየሁም» ብላ አለፈችው።

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተጠራ። መምህራን አሉ፣ ወላጆች አሉ፣ የወላጆች ተወካይ አቶ ገብረ ማርያም ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ገብረ ማርያም አጥባቂ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ አቶ ፊልጶስ ደግሞ የከተማው ወንጌላውያን ጉባኤ ዘማሪ ነው። ሁለቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በእንቁ ጉዳይ ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ። የወርቅውሃ ከነልጇ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ናት። እታለማሁ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠርታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

አቶ ፊልጶስ ያረቀቀውን ደንብ አነበበ። «ማንኛውም ተማሪ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ጾታ መሠረት ብቻ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል።»

«መልካም፤ ወረቀቷ ምን ይላል?» አሉ አቶ ገብረ ማርያም።

«ሴት ይላል።»

«እንግዲያው ሴቶቹ ጋ ትግባ ማለት ነው?»

«በፍጹም!» ብላ አንዲት እናት ተነሣች። «ስንከራከር የሰነበትነው ልጆቻችን ከእሷ ጋር እንዳይገቡ አይደለም እንዴ?»

«እሺ፣ ወንዶቹ ጋ ትግባ» አለ አንድ ወላጅ።

«ከወንዶች ጋር? እግዚኦ በሉ!» አለች ያቺው እናት።

አቶ ፊልጶስ የገዛ ደንቡን እንደገና አነበበው፤ ሌላ ነገር አላገኘበትም። አቶ ገብረ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረንጆቹ በዚህ ነገር ሲካሰሱ ስልክ ላይ አይቻለሁ። ዛሬ ሕግ ያወጣሉ፣ ነገ ይሽሩታል። እኔ የነሱ ጣጣ ይመስለኝ ነበር። እኛ እኮ የመጸዳጃ ቤታችን ቧንቧ እንኳ ውሃ የለውም!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከኋላ አንድ መምህር፣ «ለምን እንለፋለን? ጤና ጣቢያ ትወሰድና ትመርመር፤ ይለይልን» አለ። ሳቁ ቆመ። «እውነት ነው፤ ይለይልን» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። የወርቅውሃ የልጇን ክንድ ጭብጥ አድርጋ ያዘች፤ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉተመተመች። እታለማሁ ይህን ማየት አልቻለችም።

«እኔ የማውቀው አለ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ልጅቱ ስለት አለባት። የወንድሟ ሰባት ዓመት እስኪወጣ ጸጉሬን አላሳድግም፣ ልብሱንም አላወልቅም ብላ ለቅዱስ ሚካኤል ተስላለች። ሐዘኗን በአደባባይ ማውራት ስለማትወድ ነው ዝም ያለችው።»

አቶ ገብረ ማርያም ወደ የወርቅውሃ ዞሩ። «እውነት ነው?»

የወርቅውሃ ልጇን አየች፣ እታለማሁን አየች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «እውነት ነው» አለች። «በልጄ በሀብቱ ዐፅም! እውነት ነው።»

አንዲት እናት የሞተ ልጇን ዐፅም ጠርታ ስትምል ከዚያ በላይ የሚጠይቅ የለም። አቶ ገብረ ማርያም አንገታቸውን ደፉ። ቅድም ስትጮህ የነበረችው እናት ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። አቶ ፊልጶስ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰና ወረቀቱን አጠፈው። ነገሩ አልቆ ነበር። እታለማሁ በሆዷ፣ ያበላሸሁትን አስተካከልኩት፣ ተመስገን አለች።

ያኔ እንቁ ተነሣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እናቴ የማለችው ለእኔ ብላ ነው፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው። ስለት የለብኝም። ለሀብቱ ያዘንኩት በልቤ ነው፤ አሁንም አለ። ጸጉሬን የምቆርጠው ግን ራሴን የምመስለው እንዲህ ስሆን ስለሆነ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ ወንድ ነው። ሀብቱ ያውቅ ነበር፤ ሱሪውንም በሕይወቱ እያለ ነው የሰጠኝ። ሞቱን መደበቂያ አድርጌ ዓመት ከአራት ወር ኖርኩ፤ በዐፅሙ ሲማልበት ግን ዝም ማለት አልችልም። ማንንም አልነካሁም። መጸዳጃ ቤታችሁ ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ፈተናዬን ብቻ ልፈተን።»

ዓመት ሙሉ የት ነበር የምትገቢው ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። የሆነው ጩኸት ብቻ ነው። ቅድም ያለቀሰችው እናት መሐላው ውሸት ነበር ብላ የባሰ ተቆጣች። ለአንድ ሰዓት ያህል መላ ያጣው ጉባኤ በአሥር ደቂቃ ወሰነ፤ ጉዳዩ በበላይ አካል እስኪጣራ ተማሪዋ ግቢው ውስጥ አትገባም፤ የፈተና መግቢያ ካርዷም እስከዚያው አይሰጣትም። የበላይ አካል ነገር በስንት ወር እንደሚጣራ ሁሉም ያውቃል። ፈተናው አምስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ቃለ ጉባኤው ሲፈረም እታለማሁ ቀድማ ሾልካ ወጣች።

ከበሩ ውጭ ግን ደረሱባት። የወርቅውሃ ከኋላዋ መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ኧረ ተነሺ! ምን ነካሽ የኔ እኅት?» አለች እታለማሁ እየደነገጠች።

«ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሀል ለልጄ አፍ የሆንሻት አንቺ ብቻ ነሽ» አለች የወርቅውሃ። «እኔ የምከፍልሽ የለኝም፤ እሱ ይክፈልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ይባርክልሽ።»

«አሜን» አለች እታለማሁ፤ ምርቃት ሲሰጥ ዝም አይባልም።

የወርቅውሃ ግን አልጨረሰችም። ቀና ብላ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ይህን ወሬ መጀመሪያ ያወራውን አፍ እሱ ይዝጋው! ልጄን ከትምህርቷ እንደነቀላት ከቤቱ ይንቀለው! የኔን ልብ እንዳቃጠለው ልቡን ያቃጥለው! አሜን በይ፣ እታለማሁ!»

እታለማሁ እንቁን አየች። እንቁም እያየቻት ነው። አንዲት ቃል ከዚያች ልጅ አፍ ብትወጣ ሁሉ ነገር ይገለጣል፤ ከእታለማሁ አፍ ብትወጣም እንዲሁ። እኔ ነኝ ልትል አሰበች። እውነቱን ተናግሮ መቆም ምን እንደሚመስል አሁን፣ በዐይኗ፣ ከአንዲት ልጅ አይታለች። አፏን ከፈተች።

«አሜን» አለች።

የወርቅውሃ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺም አሜን በይ እንጂ!»

እንቁ ጎንበስ ብላ እናቷን ከመሬት አነሣቻት፤ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አፈር በእጇ አራገፈችላት።

«እኔ አሜን አልልም፣ እማ» አለች። «እርግማኑን መልሺው። ያ ሰውም ልጆች ይኖሩታል።»

እናቷን በክንዷ ደግፋ የገጠሩን መንገድ ያዘች። እታለማሁ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ እዚያው ቆማ አየቻቸው። ውዱ ከበሩ ላይ ሆኖ «ምን ተባባላችሁ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቃት፤ አልመለሰችለትም።