ሆዱን ማን ያየዋል?

የእህቴን ባል ቤተሰቡ ሁሉ «አዳኙ» ይለዋል። እሱ የክብር ስም ይመስለዋል። ሶፋና ቁም ሣጥን የሚሸጥ፣ ቦርጩ ቀበቶው ላይ የተኛ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ካደናቸው ነገሮች ትልቁ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ነው። ስሙ የወጣለት ዘንዶ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ካስቀመጠ ወዲህ ነው። ከእንስሳት መሸጫ በካርቶን ተጭኖ የመጣውን ዘንዶ «ጫካ ውስጥ፣ በባዶ እጄ፣ ማጅራቱን ይዤ» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ባወራ ቁጥር ዘንዶው ይረዝማል። እኔ የማውቀው ዘንዶ ግን ከሰው ቁመት የማይበልጥ፣ ወርቃማና ቡናማ ዝንጉርጉር፣ ማንንም ነክሶ የማያውቅ ፍጥረት ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ ልብስ ሰፊ ናት። እባብ በቴሌቪዥን ሲመጣ እንኳ እግሯን ከወለሉ ላይ የምታነሣ ሰው ነበረች። ዘንዶው ቤቷ ሲገባ ማንም አልጠየቃትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ሳለሁ ደወለችልኝ።

«ያ ነገር መሽተት ጀምሯል» አለች።

«የቱ ነገር?»

«ዘንዶው ነዋ! አይጥ የሞተ መስሎኝ ሶፋውን ሁሉ አስነሣሁ። እሱን ስጠይቀው ቆዳ እየቀየረ ነው ይለኛል። እውነት ቆዳ ሲቀይሩ ይሸታሉ?»

«አይሸቱም» አልኳትና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ስደርስ አዳኙ ሳሎኑ መሃል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ለሱቁ አዲስ ቅርንጫፍ መክፈቻ እሑድ እራት ሊጋብዝ ነበርና ለመጥሪያው ፎቶ እየተነሣ ነው። ዘንዶውን እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎታል። ፎቶ አንሺው አፍንጫውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያነሣዋል።

«ነይ፣ ነይ፣ የላሞቹ ዶክተር!» አለኝ። «አብረሽኝ ተነሺ፣ አንቺም ትታወቂያለሽ።»

«አውርደውና ልየው።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? ቆዳ ሊቀይር ነው። ቡድናችን ውስጥ ጠይቄያለሁ።»

ቡድን የሚለው፣ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በየስልካቸው ተሰባስበው የማያውቁትን ነገር እርስ በርስ የሚማማሩበት ቦታ ነው።

ዘንዶውን ተቀበልኩት። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። ቆዳ ሊቀይር የተቃረበ እባብ ዓይኑ ወተት የገባበት መስሎ ይደፈርሳል፣ መላ ሰውነቱም ይፈዛል። ይሄኛው እንዲያ አይደለም። ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። ነጭ ሆነው እንደ ጥፍር ማብረቅ የነበረባቸው የሆዱ ቅርፊቶች ከመሃል እስከ ጅራቱ ግርጌ ቀልተዋል፤ ከፊሎቹ ውሃ ቋጥረዋል፣ ከፊሎቹ ፈንድተው ቢጫ ፈሳሽ ያዥባቸዋል። በላያቸው ላይ አንድ ነጭ ነገር ተለድፎ ደርቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጥርስ ሳሙና» አለ፤ ቅንጣት አላፈረም። «ያቀዘቅዛል።»

ጀርባው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ንክሻዎች ነበሩ፤ አንዳንዱ ጠግጓል፣ አንዳንዱ ትኩስ ነው።

«ነፍስ ያለው አይጥ ነው የምትሰጠው?»

«እንግዶች ሲያድን ማየት ይወዳሉ።»

«ያደነውስ አይጡ ነው» አልኩት።

ሣጥኑን አየሁት። ከታች የተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ረጥቦ ከርፍቷል። ከሥሩ የተዘረጋው ማሞቂያ የሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«እስቲ እጅህን አስገባና ወለሉን ንካው።»

በፎቶ አንሺው ፊት እንቢ ማለት አልቻለም። እጁን አስገባ፣ ወዲያው «ኡፍ!» ብሎ መነጨቀው፣ ጣቶቹንም እንደ ሕፃን አፉ ውስጥ ከተተ።

«አየህ፣ አንተ እጅህን አነሣህ። እባብ ግን ሆዱ እየተጠበሰም ሙቀቱ ላይ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው መቆጣጠሪያ የሚገጠመው።»

«ሲሞቀው ይነቃቃል ብዬ ነዋ! ዝም ብሎ ሲጋደም እንግዳ ምን ይለኛል?»

«ቁስሉ አመርቅዟል። ወደ ደሙ ከገባ ይሞትብሃል። አሁኑኑ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እሑድ ይለፍና ውሰጂው» አለ። «እስከዚያ አንገቴ ላይ ነው የሚሆነው። ሆዱን ማን ያየዋል?»

በሥራዬ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ውሻውን ቸኮሌት አብልቶ ለምን እንደሚያስመልሰው የሚጠይቀኝን አይቻለሁ። ይሄን ሰው ግን ስንቀው ኖሬ ሳለ፣ በቅጡ ሳልንቀው መቆየቴ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከጓዳ ይሰማ የነበረው የእትዬ የስፌት ማሽን ድምፅ መቆሙን አላስተዋልኩም ነበር። እትዬ የትራስ ልብስ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ስታልፍ የማሞቂያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ፊቷ አመድ መስሏል። የትራስ ልብሱን አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ፊቴ ቆመች።

«አስገቢው» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አለ አዳኙ።

«አስገቢው አልኩሽ እኮ፤ ጥዬው ሳልሸሽ።»

አስገባሁት። እሱ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ «ሴቶች!» አለና ሳቀ። ፎቶ አንሺው ግን አልሳቀለትም፤ ካሜራውን እየሰበሰበ ነበር።

ክሊኒክ ስንደርስ እትዬን ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነገርኳት፤ በጄ አላለችም። ረዳቴ እባብ በመጣ ቁጥር ድንገት ሥራ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ዘንዶውን የያዘችልኝ እሷ ናት። አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ ለብ ባለ ውሃ አቅጥኜ ያን የጥርስ ሳሙና አጠብኩለት። የፈነዳውን አጸዳሁ፣ ያልፈነዳውን አልነካሁም። የቃጠሎ ቅባት በስሱ ቀባሁት፤ የፀረ-ባክቴሪያ መርፌውን ከራሱ ዝቅ ብዬ ጎኑ ላይ ወጋሁት።

«ያመዋል?» አለችኝ።

«ያመዋል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አይጮህም?»

«እባብ ምን ድምፅ አለው ብለሽ ነው፣ እትዬ።»

«እንዲህ እያመመው ነዋ ያ ሰውዬ አንገቱ ላይ ጠምጥሞት ሲገለፍጥ የከረመው» አለች። ከዚያ ጓንት ባጠለቀ እጇ ራሱን ደገፈችለት።

እሑድ ግብዣው ላይ ሄድኩ። የሄድኩት ምናልባት ያፍር ይሆናል ብዬ ነው። ጭራሽ! የጎማ ዘንዶ ገዝቶ በአርቲፊሻል ቅጠል መሃል አጋድሞታል፤ የሣጥኑን መብራት አደብዝዞ «በልቶ ነው፣ እየፈጨ ስለሆነ አይነካም» እያለ እንግዶቹን ያዞራል። እንግዶቹ ያደንቃሉ፤ እነሱም ከእሱ የማይሻሉ ናቸው። በመጨረሻ ዓይናቸው የደከመው አሮጊት እናቱ ቀርበው ለማየት ሲሉ ክዳኑን ከፈቱ፣ እጃቸውን ሰደው ዘንዶውን ጎትተው አወጡና ጨመቁት። ዘንዶው «ጲጥ» አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጎማ ነው እኮ» አሉ ጮክ ብለው።

አንዱ የሱቁ ደንበኛ የጎረሰውን ሳይውጥ ተንፈቀፈቀ። አዳኙ ኩም አለ። ግን ምን ያህል ቆየ? ጣፋጩ ሳይቀርብ እውነተኛው ዘንዶ ለምርምር እንደተፈለገ ለሌላኛው ጠረጴዛ እያወራ ነበር።

ዘንዶው ከክሊኒክ ሲወጣ ወደ ሳሎን አልተመለሰም። እትዬ የስፌት ክፍሏ ውስጥ ጥግ ለቀቀችለት። ፍቅፋቂው ቁስሉ ላይ ስለሚጣበቅ በነጭ ወረቀት ተካችው፤ ማሞቂያው መቆጣጠሪያ ተገጠመለት፤ ቁስሉ እንዳይነከርበት ውሃው በሚጠጣው ልክ ብቻ በትንሽ ሳህን ሆነ። በየቀኑ ወረቀት ትቀይራለች፣ ታጥበዋለች፣ ትቀባዋለች። መጀመሪያ በምድጃ ጓንት ነበር የምትይዘው፣ ቀጥሎ በዕቃ ማጠቢያ ጓንት፣ በኋላ በባዶ እጇ። የሞተ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ስትሰጠው ፊቷን እያዞረች ነበር፤ ማዞሩንም ተወችው።

ከቃጠሎው በኋላ መጀመሪያ ቆዳ ሲቀይር ጠባሳው ላይ ያለው አልላቀቅ አለ።

«ልላጥለት?» ብላ ደወለችልኝ።

«እንዳትነኪው! ከሥሩ ያለው ገና አልጠናም። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ፎጣ ውስጥ አስገቢውና ራሱ እየተሹለከለከ ያውጣው።»

ከአፍታ በኋላ ደግማ ደወለች። «ወጣ! እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወጣ!» እህቴ እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጠባሳው ግን አልጠፋም፤ እዚያ ጋ ቅርፊቱ ነጣ ብሎ ጠማማ ሆኖ ቀረ።

አዳኙ የዘንዶውን መዳን ሲሰማ ለሱቁ ማስታወቂያ አብሮት ፎቶ ሊነሣ ፈለገ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ተገተረ። እኔ የምለካው ቀሚስ ነበረኝና እዚያው ነበርኩ።

«ዳነ አይደል? በይ ስጪኝ። የኔ ነው።»

እትዬ ዘንዶውን ከሣጥኑ አውጥታ ክንዱ ላይ አደረገችለትና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ያኔ እንደ ገመድ ይንጠለጠልለት የነበረው ሕመሙ አድክሞት ነው፤ አዳኙ ግን ያሠለጠነው መስሎት ነበር። አሁን ጤነኛ ነው። ክንዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘው፣ በትከሻው ዞረ፣ ምላሱን እያወጣ ወደ ኮሌታው ገባ። አዳኙ ቆሌው ተገፈፈ። ሊያላቅቀው ሲጨምቀው ዘንዶውም ደንግጦ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አዲሱ ሸሚዝ ላይ ለቀቀው። ሽታው አይነገርም።

«አንሺልኝ! በእናትሽ አንሺልኝ!»

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርሳት» አለች እትዬ። የጀመረችውን ስፌት ዳር አድርሳ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ነው የተነሣችው። ዘንዶውን ከጅራቱ በኩል እየፈታች ወሰደችለት።

«ሁለተኛ የኔ ነው እንዳትል» አለችው።

ሸሚዙን እያወለቀ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። በቀጣዩ ሰኞ ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳ አስገባ፤ ዓሣዎቹን ከየትኛው ባሕር ራሱ እንዳጠመዳቸው አሁን በማሰላሰል ላይ ነው። ወደ ስፌት ክፍሉ መግባት ሲፈልግ ያንኳኳል። እሷም ሁልጊዜ አትከፍትለትም።