የጋብቻ ሁኔታ

«ባልሽ ራሱ ይምጣና ይፈርምልሽ» አለ መዝጋቢው ፋንታሁን፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

እየሩስ አማቷን ለተሥላሴን አየች። እሷ ግን ያፈጠጠችው መዝጋቢው ላይ ነው።

«ባሏ ሱዳን ነው አልሁህ። ጆሮህን ምን ነካው?»

«ሰምቻለሁ እማማ። ሱዳን ከሆነ ወረቀት ይላክ። እሷ የውጭ ዜጋ ናት፤ ከመተማ የያዘችው ወረቀት መግቢያ ብቻ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ የምመዘግባት የእርስዎ ልጅ ሚስት በመሆኗ ነው።»

«እኔ እናቱ ቆሜ የለም እንዴ? ቃሌ ከወረቀት ያንሳል?»

«እማማ፣ ሰው ተራ ይጠብቃል እኮ» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

ለተሥላሴ ዞር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አንተን ደግሞ ምን ያጣድፍሃል? ለፎቶ ከሆነ፣ ያ ፊት ነገም አይለወጥም።»

ሰልፉ ሳቀ። እየሩስ አልሳቀችም። ጤና ጣቢያው የጽዳት ሥራ ሰጥቷታል፤ የተመዘገበችበትን ወረቀት ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ካላመጣች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ሰቆጣ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። በእነዚህ ስድስት ወራት በስሟ ሲም ካርድ ማውጣት እንኳ አልቻለችም።

የተወለደችው ካርቱም ነው፤ እናቷ ኤርትራዊት ነበረች። እንዳለው የተባለው የለተሥላሴ ልጅ እንጀራ ፍለጋ ተሻግሮ ዳቦ ቤት ሲሠራ አገኛትና አገባት። ልጅ አልወለዱም። ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲደርስ እየሩስ አንድ ፌስታል ይዛ፣ የባሏን አገር ስም እየጠየቀች፣ ብቻዋን መጣች። ለተሥላሴ በሩን ከፍታ ብቻዋን ስታያት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። «ግቢ፣ እግርሽን ታጠቢ» አለቻት። በማግስቱም አልጠየቀችም። ልጅቱ ስለ እንዳለው አፏን በከፈተች ቁጥር፣ ወይ ለገበያ የሚወጣው ጌሾ ይታሰር፣ ወይ ውኃ ይቀዳ ይባላል።

ሰፈሩ ግን ያውቅ ነበር። ከሱዳን የመጣችው እሷ ብቻ አይደለችም። ሽማግሌዎቹ ከቄስ ገብረ ሊባኖስ ጋር ሆነው ሁለት ጊዜ ጎህ ሳይቀድ የለተሥላሴ ደጅ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ ሕፃንም አይስተውም። ለተሥላሴ የበሩን መወርወሪያ ሳታነሳ፣ ከውስጥ ሆና «እኔ የሞተ የለኝም፤ ቤት ተሳስታችኋል» አለቻቸው። በሁለተኛው ጊዜ ውሻ ፈታችባቸው። መርዶ ካልተረዱ ለቅሶ አይቀመጡም። እንዲህ ሆኖ እንዳለው በእናቱ ቤት ስድስት ወር ሙሉ ሳይሞት ኖረ።

ፋንታሁን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ወሬው ደርሶታል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ይሄ ቦታ ባዶ አይታለፍም። የጋብቻ ሁኔታ ይላል። ያገባች ካልሁ ባልየው ይመጣል። ባሏ የሞተባት ካልሁ ግን…» ቆም አለ። «እናትየዋ በአሻራዋ ብትመሰክር ይበቃል።»

«የፈታች በል።»

«የፍቺ ወረቀት ይጠይቀኛል።»

«እንግዲያ ያላገባች በላ!»

«ካላገባች ለእርስዎ ምንዎ ናት? በማን ላስመዝግባት?»

ለተሥላሴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«ይቅር እምዬ» አለች እየሩስ፣ አረብኛ በነካካው አማርኛዋ። «እንሂድ። ሥራ ሌላ ይገኛል።» ወረቀቶቿን ከጠረጴዛው ላይ መሰብሰብ ጀመረች።

ለተሥላሴ የልጅቱን እጆች አየች። እነዚህ እጆች ስድስት ወር ጌሾ አስረዋል፤ ፊት አልነጩም፣ ደረት አልመቱም። ልጅቱ ባሏን አንድ ቀን ጮኻ አላለቀሰችም። የማን ቤት ውስጥ ታልቅስ? አሁን ደግሞ እንጀራዋን ልትተው ነው፤ አሮጊቷ ያን ቃል እንዳትሰማ ብላ።

ለተሥላሴ በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ለማንም አልነበረም።

«አስቀምጪ» አለች። ከዚያ ለፋንታሁን፣ «ያችን ቆም ያልህባትን ጻፍ።»

ፋንታሁን ጻፈ። «የሞተበት ቀን?»

ይህን አታውቅም። ወደ እየሩስ ዞረች። «ንገሪው።»

«እምዬ፣ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ሳይኖር፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ…»

«ሽማግሌዎቹን ያባረርሁ እኔ ነኝ። ንገሪው አልሁሽ።»

«ግንቦት አሥራ ሁለት» አለች እየሩስ። «በሚካኤል ዕለት። ውኃ ሊቀዳልኝ እንደወጣ ነው። መቃብር ስፍራ መሄድ አይቻልም ነበር። ግቢያችን ውስጥ፣ እኔና ጎረቤታችን ቀበርነው።»

ከሰልፉ መሐል የለተሥላሴ ጎረቤት እታለም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወይኔ እንዳለው…» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ እታለም! እዚህ ማንም አያለቅስም። ካለቀስን ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ የልጅቱ ቀን አለፈ።»

አውራ ጣቷን ማሽኑ ላይ ጫነች። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገመች፤ እምቢ አለ።

«ጣትዎ አልቋል እማማ።»

«አንተም ስድሳ ዓመት ሥራበት፣ ያልቃል። ሌላውን ጣት ውሰድ።»

ማሽኑ ሌባ ጣቷን ተቀበለ። ፋንታሁን እየሩስን ካሜራው ፊት አስቀመጣት። የልጅቱ እንባ ግን አገጯ ላይ ደርሷል። ፋንታሁን ቁልፉን ሳይጫን ጠበቀ።

ለተሥላሴ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋ፣ እንደ ሕፃን።

«ቀና በይ። ይቺን ፎቶ ያየ ሁሉ አንቺን በእሷ ነው የሚያውቅሽ። ቤት ስንገባ አብረን እናለቅሳለን።»

እየሩስ ቀና አለች። ካሜራው ብልጭ አለ።

ወረቀቱ እስኪወጣ ለተሥላሴ አልተቀመጠችም። ሲወጣ አጣጥፋ በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያያት ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ቀድማት ወጣች።